ሟሟ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም

ባለፈው ወር ባለቤቴ ለሥራ ሐዋሳ በሄደችበት ሌሊት የሁለት ዓመቷ ልጃችን ተቅማጥ ጀመራት። ዘጠኝ ሰዓት ነው። መሳቢያ ውስጥ አንድ ፓኬት ለምለም፣ ፍሪጁ ላይ ደግሞ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውኃ ነበረን። ዱቄቱን እዚያው ላስቲኩ ውስጥ ጨምሬ ነቀነቅኩት፤ ወዲያው ጥርት አለ። በራሴ ኮራሁ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲስተሯ "አባቷ፣ ስንት ውኃ ውስጥ ነው የበጠበጡት?" አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። "ፓኬቱ ላይ 1 ሊትር ይላል እኮ!"

"ሁሉም ሟሙቷል፣ ምንም አልዘቀጠም" ብዬ ተከራከርኩ። ውኃው ቢያንስ ኖሮ ዱቄቱ ታች ይቀር ነበር ብዬ ማሰቤ ነው። እናንተም እንዲህ ታስቡ ይሆናል።

የውኃ ነገር ግን እንዲህ ነው። አንዷ የውኃ ሞለኪውል በአንድ በኩል በትንሹ ፖዘቲቭ፣ በሌላው በኩል ኔጋቲቭ ናት። ጨው ሲገባ ሶዲየሙንም ክሎራይዱንም ከበው አንድ በአንድ ከክሪስታሉ ይነጥሏቸዋል። ስኳርንም ከነሞለኪውሉ አቅፈው ይወስዱታል። ዘይት እንዲህ የሚያዝበት ነገር ስለሌለው ነው ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው። ውኃው የሚጠግብበት ልክ አለው፤ ግን ሩቅ ነው። አንድ ሊትር ውኃ 360 ግራም ያህል ጨው፣ ሁለት ኪሎ ያህል ስኳር ይሸከማል። የለምለሙ ፓኬት 20.5 ግራም ብቻ ነው፤ 13.5ቱ ግሉኮስ፣ 2.6ቱ የወጥ ጨው፣ ቀሪው ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ብትበጠብጡት እንኳ ጥርት ይላል። ዓይን እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ "ጠንካራ" የሚለው ቃል ሳሙናም ቡናም ይሸጣል። አንጀት ግን ማስታወቂያ አይሰማም። ግሉኮስና ሶዲየም በልኩ ሲመጡ ተያይዘው በአንጀት ግድግዳ ያልፋሉ፣ ውኃውም ይከተላቸዋል። ሲበዙ ነገሩ ይገለበጣል፤ አንጀቱ ከሰውነት ውኃ ይስባል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ጨውም ይጨምራል። ለትንሽ ልጅ ይህ አደገኛ ነው። ውኃ ማብዛትም አይበጅም፤ የወጣውን ጨው አይተካም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፓኬቱን አንብቡ፤ ለትንሽ ውኃ የተዘጋጁም አሉ። የቤታችን ብርጭቆዎች እኩል ስላልሆኑ በብርጭቆ አትለኩ፤ 1 ሊትር የታሸገ ውኃ የሚሸጥበት ላስቲክ ይሻላል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከበጠበጣችሁ በኋላ ግን አታፍሉት፤ ይተንናል፣ ይወፍራል። ስኳርም ሆነ ጨው አትጨምሩ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካስቀመጠው በኋላ ሁሉ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ100 እስከ 200፣ በትንሽ በትንሹ። ጡትም ምግብም አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ደም ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም።

ሲስተሯ አዲስ ፓኬት በጥብጣ እዚያው በማንኪያ አስጠጣቻት፤ የዚንክ ኪኒንም ሰጠችን። በሦስተኛው ቀን ልጄ ፍርፍር ጠየቀች። ባለቤቴ ስትመለስ ባዶ የ1 ሊትር ላስቲክ አጥባ፣ "የለምለም፣ አይነካም" ብላ በማርከር ጽፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ለማን እንደተጻፈ አልጠየቅኩም።