ችግኝ ቆጣሪውና ዘር ዘሪዋ

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነገሌና በአሬሮ አካባቢ በሚገኙ ደኖች፣ በሌላ አገር ፈጽሞ የማትገኝ አንዲት ወፍ ትኖራለች። አካሏ አረንጓዴ፣ ጉትናዋ ነጣ ያለ ሲሆን ክንፏን ስትዘረጋ ደማቅ ቅላት ይታያል። ሊቃውንት የሩስፖሊ ቱራኮ ይሏታል። ስሟ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ከገደለው ኢጣሊያዊ ተጓዥ፣ ከልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። ለሳይንስ የታወቀችውም በ1896፣ እርሱ ትቶት ካለፈው ስብስብ ውስጥ በተገኘ ናሙና ነው።

ስለዚህች ወፍ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወደሰው መልኳ ነው። እርግጥ ነው፣ የክንፏ ቅላት መዳብ ካለበት፣ ከቱራኮዎች ወገን በቀር በሌሎች አዕዋፍ ከማይገኝ ቀለም የሚመጣ ድንቅ ነገር ነው። ሆኖም መልኳን እያደነቁ ሥራዋን መዘንጋት ሙያዋን ሳይጠይቁ በቀሚሷ ብቻ ልጅቷን እንደማጨት ነው።

ሥራዋስ ምንድን ነው? የሾላ ወገን የሆኑ ዛፎችን፣ የዝግባንና የጥድን ፍሬ ትለቅማለች። ፍሬውን ሳታላምጥ ትውጠዋለች፤ ዘሩም ከኩሷ ጋር ከእናት ዛፉ ርቆ ይወድቃል። ደመወዝ የማትጠይቅ ዘር ዘሪ ናት።

የሰው ዕቅድ ግን የሚመካው በቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። መትከል የሚመሰገን ተግባር ነው። ነገር ግን የተተከለው ምንድን ነው? ስንቱስ ጸደቀ? በዚያው ሰሞን የተቆረጠውን ነባር ዛፍ ማን ቆጠረው?

ገበሬው ባሕር ዛፍ ቢተክል አይፈረድበትም፤ ማገዶውም፣ የቤቱ ማገርም፣ የክፉ ቀን ገንዘቡም እርሱ ነው። ሊወቀስ የሚገባው ያንን ተክል «ደን» ብሎ በሪፖርት የሚያሰፍረው ሹም ነው። የባሕር ዛፍ ፍሬ ደረቅ ነው፤ ሥጋ የለውም። አንድ ነባር ሾላ ተገንድሶ በምትኩ ሺህ ባሕር ዛፍ ቢቆም በመዝገብ ላይ ትርፍ ይባላል፤ ፍሬ ለቃሚዋ ወፍ ግን ጦሟን ታድራለች።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የዛፉ ስም ይጠየቅ። ከተከላው ቀን ይልቅ ከዓመታት በኋላ የጸደቀው ይቆጠር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፍሬ የሚሰጠው አሮጌ ዛፍ ከመጥረቢያ ይዳን። እርሱ ከቆመ ወፏ ትመጣለች፤ እርሷ ከመጣች ደግሞ ማንም ያልተከላቸው፣ ማንም ያልቆጠራቸው ችግኞች ይበቅላሉ።