ካርዱን ተዉትና ልጁን አስነብቡት

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር ለአንድ ሳምንት ለቅሶ ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። በ2014ቱ ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ገደማ ነበር፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በዓመቱ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ቁጥር 1,328 ደረሰ። ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር «ኩረጃ ስለቀረ እውነቱ ወጣ» ይላል፣ ሕዝቡ መምህሩን ይረግማል፣ መምህሩ ደመወዙን ያነሳል፤ በሳምንቱ ሁሉም ይረሳል።

ፈተናው ጠበቀ ብዬ አላማርርም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መዞሩም ኩረጃን ለማስቆም ያስፈልግ ነበር። እንደ ወላጅ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይህ እውነት ለምን በ12ኛው ዓመት ይነገረናል?

ወላጅ ለ11 ዓመት ካርድ ሲቀበል ኖሯል። ካርዱ አማካይ ውጤት አለው፣ ደረጃ አለው፣ ከታች «ተዛውሯል» ይላል፣ ማኅተምም አርፎበታል። ያ ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ልጅ በመጨረሻ «አላለፈም» ሲባል፣ ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። የዋሸው ደግሞ ካርዱ ነው።

ውሸቱ የት እንደሚጀምር የተደበቀ ነገር የለም። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ ካሉ ልጆች ከ10 ዘጠኙ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። 10 ዓመት ማለት 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል ነው። የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይደግሙ እንዲያልፉ ሲደረግ፣ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን እንዲደግፍ ነበር የታሰበው። ማሳለፉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ድጋፉ ብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀረ።

አሁን ይህን ባሌ ላይ፣ ሐረና ጫካ ጥግ ወዳለችው አንገቱ ውሰዱት። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በገዛ ቋንቋው አቀላጥፎ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ ፊዚክስ እንዲረዳ ይጠበቃል። በቡና ለቀማ ወራት ክፍሉ እንደሚሳሳ ሁሉም ያውቃል፤ ካርዱ ግን አያውቅም። ለአንገቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሳነቴ ማዶ፣ ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ነው። ያንን ብርዳም አምባ ለመሻገር 12 ዓመት ደክሞ፣ 3ኛ ክፍል ላይ ሊነገረው ይገባ የነበረውን ነገር በ18 ዓመቱ ይሰማል።

የአንገቱ ገበሬ ቡናውን አልጋ ላይ ዘርግቶ በየቀኑ በእጁ ያገላብጣል። ሻግቶ እንደሆነ ነጋዴው እስኪነግረው አይጠብቅም። ልጁን እንዲህ እንዲያይ ግን ማን ጠራው? ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ለአጥር፣ ለዴስክ፣ ለ«ትምህርት ለትውልድ» መዋጮ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ «ወላጅ ግድ የለውም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

«ያልተማረ ወላጅ ምን ያውቃል?» የሚለውንም ሰምተናል። ፊደል ያልቆጠረች እናት በራሷ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ልጇ ሲያነብላት ይፍሰስለት ወይም ይደናቀፍ ትሰማለች። ስለ ምን እንዳነበበ ብትጠይቀው መልሱን ራሷ ትመዝነዋለች። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልጋትም።

መምህሩን ብቻ ለሚረግሙም አንድ ነገር ልበል። ከ60 ተማሪ 40ው ማንበብ አይችልም ብሎ የሚጽፍ መምህር ምን ይገጥመዋል? ርዕሰ መምህሩ የመድገምና የማቋረጥ መጠን ሊወጣበት ነው፤ ወረዳው ሪፖርቱ ሊበላሽበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ «አንተ ምን ስታስተምር ነበር?» ሆኖ መምህሩ ላይ ይወርዳል። እውነት የጻፈ ሲገመገም፣ ሁሉንም ያዛወረ ሲመሰገን ያየ ሰው ሁሉንም ያዛውራል። ደመወዙ ይሻሻል፣ አዎ፤ ግን እውነት መጻፍ የሚያስቀጣው እስከሆነ ድረስ ደመወዝ ብቻውን ካርዱን አያስተካክልም።

የምጠይቀው በጀት የማይፈልግ ነገር ነው። በ3ኛ ክፍል መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ በወላጁና በመምህሩ ፊት አንድ ገጽ ያንብብ። ካርዱ ላይ ከአማካዩ በላይ «ያነባል»፣ «በእርዳታ ያነባል»፣ «አያነብም» ተብሎ ይጻፍ። የትምህርት ቤቱ ድምር ያለ ልጆች ስም በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ወረዳውም ስንት እንዳዛወረ ሳይሆን ስንቱ እንደሚያነብ ይጠየቅ። «አያነብም» ብሎ የጻፈ መምህር አይቀጣ፤ ለዚያ ልጅ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው።

ልጅ ይሸማቀቃል የሚል ይኖራል። በእናቱ ፊት በ9 ዓመቱ መደናቀፍ ገና ይታረማል። በ18 ዓመቱ በስልክ ውጤት ከፍቶ ዝም ያለን ልጅ ግን ምን ብለን እናጽናናዋለን?

መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ዘንድሮ ካርድ ልትቀበሉ ስትሄዱ የልጃችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃውን ከማየታችሁ በፊት መምህሩ ባሉበት ገጽ ግለጡና «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል የሆናችሁ ደግሞ ስለ አጥሩ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን አጀንዳ አስይዙ።