ጭርትን በነጭ ሽንኩርት?

ጭርት ሲወጣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍ የተለመደ ነው። የእናቶቻችንን ባህላዊ መድኃኒት አንንቅም፤ ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ጭርቱ ሳይድን ሌላ ቁስል ይጨመራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለውናል፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ጎንደር ተቀምጠን ሕክምናን መሸሽ አያምርብንም። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት ከታዘዘልን፣ ማሳከኩ ቢቆምም እስከተባለበት ቀን እንቀባ። ብርዱን ፈርተን ከውዱእ በኋላ እርጥብ እግር ላይ ካልሲ አናጥልቅ፤ የጣቶቻችንን መሐል እናድርቅ። ፎጣና ካልሲም አንዋዋስ፤ ጭርት ተላላፊ ነውና የዶርም ጓደኛችንን ከጉዳት መጠበቅ ሐቁ ነው። አላህ ዓፊያውን ይስጠን።