አስታማሚውን ማን ያስታምመዋል?

ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ውሎ ፀሐይ ስትበረታ ከቀንበር ይፈታቸዋል፤ ሣርና ውኃም ይሰጣቸዋል። ያልተፈታ በሬ ነገ እንደማያርስ በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ የሚያድግ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን የሰውን ኀዘን ሲሸከም የሚውል ሰውም ከቀንበር መፈታት እንደሚገባው ብዙዎቻችን አናስብም።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ይህን ሸክም የሚሸከሙት ብዙ ናቸው። ሐኪሙና ነርሱ፣ የሥነ ልቡና አማካሪው፣ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የንስሐ አባትም ከእነዚህ ይቈጠራሉ። አናጢ ሲመሽ መጋዙን ከሥራ ቦታው ትቶ ይሄዳል፤ የሰው መከራ ሲሰማ የዋለ ሰው ግን የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቡና ሐኪም በኒው ዮርክ በነፃ ሕክምና ቤት ሲያገለግል፣ በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ያየውን ዝለት በ1966 ዓ.ም. ግድም ጽፎ አሳወቀ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. የሥራ ዝለት ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን፣ በሥራ ላይ ሳይቃለል ከቈየ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ገልጾ ሦስት ምልክቶች ሰጠው። እነዚህም ኀይል ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መመረር፣ የሚሠሩትም ሁሉ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት ናቸው።

በአገራችን ይህ ሸክም የሚከብደው ተሸካሚዎቹ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ነው። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ነው። በወሎ ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት። ደሴ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ስትያዝ ሆስፒታልዋ ተዘረፈ፤ ከተማዪቱ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ስትመለስም ራሱ ተሰድዶ የነበረ ሰው የተሰደደውን ሊያጽናና ተቀመጠ።

ሙሴ ከጧት እስከ ማታ የሕዝቡን ነገር ብቻውን ሲሰማ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው፤ ሥራውንም የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲካፈሉት መከረው። ይህ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ተጽፎ ይገኛል። ሙሴም ምክሩን ሳይንቅ ተቀበለ። እንግዲህ ነቢዩ ዕረፍት ካስፈለገው ነርሱ ደከመኝ ቢል ስለ ምን ያፍራል?

ስለዚህ አስታማሚ የሆንህ ሰው፣ እንቅልፍህንና ምግብህን እንደ ሥራህ ክፍል ቍጠር። የሕመምተኛውን ስም ሳታነሣ ያስጨነቀህን ከባልደረባህ ጋር በተወሰነ ቀን ተነጋገር። የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር አያወጣም፤ የራሱን ድካም ግን ለራሱ የንስሐ አባት መንገር ይችላል። የሥራ አለቆችም የሌሊት ተራን በትክክል ያካፍሉ፤ ብዙ ሞት ካየው ክፍል ሠራተኛን በጊዜው ያዛውሩ፤ የዓመት ዕረፍቱንም አይከልክሉት። አለቃው ሸክሙን ሳያቃልል ሠራተኛውን «በርታ» ቢለው ምክሩ ብቻውን አያሳርፈውም።

የቤተሰብም ድርሻ አለ። ከሥራ የመጣችውን ልጃችሁን ዛሬ ምን ሰማሽ ብላችሁ አታስጨንቋት፤ ውኃ አቅርቡላት፤ ዝም ማለት ብትፈልግም ተዉአት። ሊነጋ ለሚችል ጕዳይ በእኩለ ሌሊት የነርስን በር አታንኳኩ። ለእርሻ ወንፈል የምንወጣ ሰዎች፣ ሌሊት ሕመምተኛ ሲጠብቅ ላደረ ጎረቤታችን በማግሥቱ እንጨት ብንፈልጥለት፣ ልጆቹንም ብንይዝለት ምን ይጐድልብናል?

ነገር ግን ኀዘኑና ተስፋ መቍረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢዘልቅ፣ ወይም ሰውየው ሞትን መመኘት ቢጀምር፣ ይህ ከዝለት ያለፈ ነውና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ራሱን የመጕዳት ሐሳብ ካለውም ብቻውን አይተው። ሐኪም መሆኑ ከመታከም አያግደውም፤ ጠበሉንም ከመድኀኒቱ ጋር መጠቀም ይቻላል።

አባቶቻችን ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላሉ። በየሰፈራችን ሎሚውን ብቻውን የተሸከመ አስታማሚ አይጠፋምና፣ በዚህ ሳምንት አንዱን ፈልገን እናግዘው።