መንገዱ ተሠራ፤ ፍሬኑስ?

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ አግኝታለች። እሰየው! ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ልጅ ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአስፋልቱ ሳይሆን በቀጫጭን የፍሬን ሸራዎች ነው። ስለ እነሱ ማን ያወራል?

ሻጩ «ዲስክ ፍሬን ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። ስም ግን ብስክሌት አያቆምም። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ በደንብ አይዝም፤ ሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ ጎማው ሳይቆለፍ ረገብ ማድረግን 20 ጊዜ ያህል መደጋገም ይፈልጋል። የሰንሰለት ዘይት ሸራውን ከነካው ፍሬኑ ይከዳል። ብስክሌቱ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር መቀየር፣ በዚያው የእጅ ጉልበት የማቆም ኃይሉን 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ስንቱ ሻጭ ነው ይህን ለገዢ የሚነግረው? «ቀስ ብለህ ንዳ» ምክር እንጂ ፍሬን አይደለም። ፍሬኑ ያልተፈተሸና ያልተለማመደ ብስክሌት ከሱቅ መውጣት የለበትም። መንገድ መሥራት የቻለ አስተዳደር ይህን ማስገደድ አያቅተውም።

ወላጆችም ከቀለሙ በፊት ስለ ፍሬኑ ጠይቁ። ቁልቁለት ላይ ቀለም አያድንም።