ሮቦቱስ ይሁን፤ አልጋው ላይ ማን አስተኛው?

«የታመመው ቀኝ ኩላሊቴ፣ የሚያቃጥለኝ ግራ ዳሌዬ። ይሄ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው?»

ለሕክምና ውጭ አገር የሄደ ዘመዴ ከሆስፒታል ደውሎ የጠየቀኝ ነው። ዕጢው በሮቦት ታግዞ ወጥቷል፤ ጤነኛው የኩላሊቱ ክፍል ተርፏል። ሐኪሞቹ ደስ ብሏቸዋል። ስለ ዳሌው ሲነግራቸው «ከመተኛት ነው» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ከመተኛት ነው። ያስተኙት ግን እነሱ ናቸው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ኩላሊት ያለው ወደ ጀርባ ተጠግቶ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ስለዚህ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በጤነኛው ጎኑ ይጋደማል። ከዚያ በብዙ ቦታ አልጋው ወገቡ ላይ ይታጠፋል፤ ራስና እግር ዝቅ፣ ወገብ ከፍ ይላል፣ በጎድንና በዳሌ መካከል ያለው ቦታ እንዲሰፋ። እስቲ ቤታችሁ ሶፋ ላይ እንዲህ ሆናችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንኳ ሲጎረብጠው ይገላበጣል። ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው አይገላበጥም። ክርኑ ብረት ላይ ቢያርፍ «አመመኝ» አይልም።

ለሰዓታት ተጨቁኖ ደም ያጣ ጡንቻ ይሞታል። ሲሞት ሚዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ሐኪሞች ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል። አስተውሉ፦ ኩላሊት ለማትረፍ በተገባበት ክፍል ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ከአልጋው ይመጣል! ነርቭም አለ። ክርን ላይ ያለው ሲጨቆን ጣት ይደነዝዛል፤ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው ሲጨቆን እግር መዳፉን ማንሳት ያቅተዋል።

ሮቦቱ ይህን አላመጣውም፤ ግን አያቀልለውም። ዳቪንቺ የተባለው ማሽን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካገኘ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙ ከታካሚው ራቅ ብሎ ኮንሶል ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የወንበሩን ከፍታና የክንዱን ማሳረፊያ ለራሱ ያመቻቻል። ታካሚው ጨርቅ ለብሶ እዚያ ማዶ ነው። የሮቦቱ ክንዶች አንዴ ሆዱ ውስጥ ከገቡ፣ ከማሽኑ ጋር የሚናበብ ልዩ አልጋ ከሌለ በስተቀር፣ አልጋውን ለማንቀሳቀስ ክንዶቹን ነቅሎ እንደገና መግጠም ያስፈልጋል። ማን ይነቅላል? መጀመሪያ ላይ የተበላሸ አተኛኘት እስከ መጨረሻው እንደዚያው ይቀጥላል።

«ብዙ ጊዜ የማይደርስ ጉዳት ነው፤ ካንሰሩ አይብስም ወይ?» የሚለኝ ሐኪም አይጠፋም። ካንሰሩ ይብሳል፤ ጉዳቱም በየቀኑ አይደርስም። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ሲረዝም፣ ታካሚው ከባድ ሰውነት ሲኖረው፣ አልጋው አብዝቶ ሲታጠፍ ዕድሉ እንደሚጨምር ይታወቃል። መከላከያውስ ምንድን ነው? ስፖንጅ፣ ከብብት ዝቅ ብሎ ደረት ሥር የሚገባ ጥቅል፣ በእግሮች መካከል ትራስ፣ አልጋውን ከሚያስፈልገው በላይ አለማጠፍ። ከሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ማሽን ገዝቶ በትራስ መሰሰት ምን ይባላል?

ቼክሊስትም ብዙ አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዶ ሕክምና ባወጣው የ19 ነጥብ ዝርዝር ውስጥ አተኛኘት ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። እንግሊዞች በ2009 እ.ኤ.አ. ለራሳቸው ሲያስማሙት «አተኛኘቱ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጨመሩበት። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ የነርቭ ጉዳትን ለመከላከል ባወጣው ምክር፣ ሲቻል ታካሚው ያንን አተኛኘት በምቾት መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ የተደረገውንም መመዝገብ ይገባል ይላል። ስለዚህ የምጠይቀው የቅንጦት ነገር አይደለም።

ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ የምትሄዱ ወገኖች፣ ደላላው የሚያሳያችሁ የሮቦቱን ፎቶ ነው። እናንተ ግን ሳትደነዝዙ በፊት «በየትኛው ጎን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ተደርጎልኝ ነው የምተኛው?» በሉ። ነቅታችሁ ሳለ እንደዚያ ተኝታችሁ አሳዩ። ትከሻችሁ አልነሳ ካለ፣ ስኳር ካለባችሁ፣ እጃችሁ ቀድሞም የሚደነዝዝ ከሆነ ተናገሩ። አገር ቤት ያላችሁም «እኛ ሮቦት የለንም» ብላችሁ አትለፉት፤ በተለመደው መንገድ ጎን ተከፍቶ ኩላሊት ሲሠራም አጋደሙ ያው ነው።

ዘመዴ ሲመለስ የመውጫ ወረቀቱን አየሁት። የኩላሊቱ ደም ሥር ስንት ደቂቃ እንደታሰረ በቁጥር ተጽፏል፤ ኩላሊት ያለ ደም ብዙ መቆየት ስለሌለበት በደንብ ቆጥረውታል። የፈሰሰው ደምም በሚሊሊትር አለ። ስለ አተኛኘቱ ያለው «በግራ ጎን» የሚል ብቻ ነው። ዳሌው ስንት ሰዓት እንደተጨቆነ፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳስተኛው የለም።