ግፊቱ ቢወርድም ክኒኑ አይተውም

ባለፈው ወር እናቴ ቤት ሄጄ መነጽሯን ስፈልግላት የቡፌውን መሳቢያ ከፈትኩ። መነጽሩ የለም፤ ያልተነኩ ሁለት እሽግ ኢናላፕሪል ግን አገኘሁ።

«እማዬ፣ ይሄን መውሰድ ትተሻል እንዴ?»

«ግፊቴ እኮ ወርዷል ልጄ። ደህና ሆኜ ምን ያስውጠኛል? ደግሞ ከጀመርኩት ወዲህ ደረቅ ሳል እንቅልፍ ነሳኝ።»

እናቴን ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ዓምና ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲን ተገኘበት፤ ክኒኑ የታዘዘላትም ለዚሁ ነበር። እኛ ልጆቿ ግን በደወልን ቁጥር የምንጠይቃት «የግፊት መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» እያልን ነው። እሷም የሰማችውን ይዛ፣ ግፊቷ 120 በ80 ሲሆን ተወችው።

በማግስቱ አብረን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ሽንቷ እንደገና ሲመረመር ፕሮቲኑ ከዓምናው ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሟ አልተቆጧትም።

«እማማ፣ ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው» አሏት። «ቆሻሻውን ያሳልፋል፣ ፕሮቲኑን ደም ውስጥ ያስቀራል። ስኳሩ ወንፊቱን ሲጎዳው ፕሮቲኑ ወደ ሽንት ያመልጣል። ይህ ክኒን ደም ከወንፊቱ የሚወጣበትን ቀጭን ቧንቧ ያላላዋል። ያኔ ወንፊቱ ላይ ያለው ጫና ይረግባል፣ የሚያመልጠውም ይቀንሳል። ክንድዎ ላይ የምንለካው ግፊት ይህን አይነግረንም፤ የሚነግረን የሽንት ምርመራው ነው።»

ጎረቤቶቿ «የፈሰሰውን ለመተካት ሥጋና እንቁላል አብዢ» ብለዋት ኖሯል። ሐኪሟ ግን ፕሮቲን ማብዛቱ ለተጎዳ ኩላሊት ተጨማሪ ሸክም እንደሆነ አስረዷት።

ሳሉ የኢናላፕሪል የታወቀ ጠባይ ነው። መፍትሔውም ክኒኑን በመሳቢያ መደበቅ ሳይሆን ለሐኪም መንገር ነው። ለእናቴ በሎሳርታን ተቀየረላት፤ እሱ ሳል የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ሎሳርታን ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ አሳይቷል። የተጎዳውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያቆያል።

ቤታችሁ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ካለ ይህን ያዙልኝ። ክኒኑ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም በደም ምርመራ ይታያሉ። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው አይወሰዱም። ነፍሰ ጡር ሴት አትወስዳቸውም። ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ይጠየቅ። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ብለን ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ከመጀመሪያው የኩላሊት ነው ብትሉኝ ኖሮ እተወው ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ስደውልላት «የኩላሊትሽን ክኒን ወሰድሽ?» ነው የምላት።